በእትዬ ድድ ውስጥ የቀረው ክር

የሰው አፍ ውስጥ ማየት አልወድም። የራሴን ጥርስ እንኳ የምቦርሸው ፊቴን ከመስታወቱ አዙሬ ነው። ታዲያ እግዜር ሲፈርድብኝ በስድስት ዓመት የምትበልጠኝ እህት ሰጠኝ፤ እሷም ይኸው ሰሞኑን በየቀኑ፣ ያውም ምሳ ሰዓት ጠብቃ፣ አፏን በልቅጣ ከፍታ «እስቲ እየው» ትለኛለች።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እኔም ነኝ። አባታችን ሱቁን ከነመኪናው ትቶልን አረፈ፤ እሷ መኪናው ላይ ትሰፋለች፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ጫፉን በእጅ እቀመቅማለሁ። አባባ ካስተማረን ሁሉ ቀድሞ የገባን ክር በጥርስ መበጠስ ነበር። ለእያንዳንዱ ክር መቀስ ማንሳት እሱ ዘንድ ስንፍና ነው። እትዬ ሠላሳ ዓመት በጠሰች፤ በመጨረሻ የላይኛው የፊት ጥርሷ ተሸረፈ፣ ጠቆረ፣ ወለቀ።

ያኔ ሳቋም አብሮ ወለቀ። ድሮ እትዬ ስትስቅ ከማዶ ያለው ፎቶ አንሺ ምን ተገኘ ብሎ ብቅ ይል ነበር። አሁን ሳቅ ሲመጣባት እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አፏ ላይ ትለጥፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ሸሚዝና በሰው ቀሚስ ውስጥ ሳቀች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ የጥርስ ሐኪም አዲስ ጥርስ ሊተክልላት ሲስማማ ከእሷ በላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ጥርሱ ኋላ የሚገጠምበትን ብሎን አጥንቷ ውስጥ አስገባ፣ ላዩ ላይ ትንሽ የብረት ክዳን አደረገ፣ ድዷን ሰፋው፤ በአሥረኛው ቀን ስፌቱን አወጣላት።

«አደራ እንግዲህ፣ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ሦስት ወር ይፈልጋል» አላት። «በዚያ በኩል ምንም አይንከሱበት፣ በምላስዎም አይነካኩት። አጥንትዎ ስስ ነው፤ ይሄኛው ካልያዘ ሌላ አይቀበልም።»

እሺ ብላ ወጣች። ምላሷ ግን እሺ አላለም። ቀኑን ሙሉ ከንፈሯ ሥር ሲርመሰመስ ይታየኛል። መጀመሪያ «ከንፈሬን ጉንዳን እየሄደበት ነው» አለች። ቀጥሎ የዛገ ቁልፍ የምትመጥ ይመስል አፏ ብረት ብረት አላት።

«ድዴ የእኔ አይመስለኝም» አለችኝ አንድ ቀን። «የሌላ ሰው ሥጋ አፌ ውስጥ የተወሸቀ ነው የሚመስለኝ። ያሟልጫል፣ ስነካው ይለጠጣል...»

«እትዬ፣ እየበላሁ ነው!»

ማን ሰምቶኝ። የጎረስኩት ዳቦ አፌ ውስጥ ጭቃ ሆነ። ሐኪሙ ጋ ስትደውል ሲድን እንዲህ ነው፣ ነርቩ እየተመለሰ ነው አላት። ተመስገን ብዬ ምሳዬን በሰላም መብላት ጀመርኩ።

አልዘለቀም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ የዩኒፎርም ሥራ መጣና ሱቁ ከወለል እስከ ጣራ ሰማያዊ ሆነ። ቀና የምንልበት ጊዜ አልነበረም። በዚያ ግርግር መሀል እትዬ መኪናዋን አቁማ «ክር አለ» አለች።

«የምን ክር?»

«ድዴ ውስጥ! ሰውዬው ስፌቱን ረስቶታል። ክርማ አታውቂም ልትለኝ ነው?»

እውነቷን ነው፣ ክር ታውቃለች። በዚያ ላይ አፏ መሽተት ጀምሮ ነበር፤ ጨርቅ ተነክሮ የተረሳበት ውሃ ዓይነት ሽታ። የስልኬን መብራት አበራሁና ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ቀይ፣ ነጭ፣ የሚዝለገለግ ነገር፣ ከብረቱ ጀርባ ደግሞ የጠቆረች ጫፍ። አንድ ሰከንድ ብቆይ ነው። «አለ፣ ክር ነው» ብዬ ወደ መታጠቢያው ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ስም አለቀለት። ወገብ ስትለካ፣ እጅጌ ስትለካ፣ «እኔ በሰው ኮት ላይ ክር ትቼ አውቃለሁ? እሱ የሰው ድድ ውስጥ ይተዋል!» ትላለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «በዓይኔ አይቻለሁ» እላለሁ።

በሳምንቱ ድዷ ሲያብጥ ይዣት ሄድኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየ ሐኪሙን ልክ ልኩን ነገረችው። ሰውዬው ጓንቱን አጠለቀ። አስቀመጣት፣ መብራቱን አዞረ፣ በወረንጦ ያዘና መዘዘ። ተመዘዘ፣ ተመዘዘ፣ አላልቅ አለ። ቢጫ ነገር ተከትሎት ወጣ። ሽታው ሲመጣብኝ ግድግዳውን ደገፍኩ። ሐኪሙ ክሩን በፋሻ ጠርጎ ነጭ ሳህን ላይ ዘረጋው።

«እኔ የምሰፋው በጥቁር ክር ነው» አለ።

ሰማያዊ ነበር። የዩኒፎርማችን ክር፣ ከጫፉ የተነከሰ፣ የብረቱ አንገት ላይ የተጠመጠመ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ሰሞኑን ሙሉ በጥርሷ ስትበጥስ ከርማለች ማለት ነው፤ እሷም ሳይታወቃት፣ እኔም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳይታየኝ። ያን ቀን ሳይቀፈኝ አንድ ሰከንድ ጨምሬ አይቼ ቢሆን ኖሮ ቀለሙን እለየው ነበር። በራሴ አፈርኩ።

«ብሎኑስ?» አለች እትዬ ድምፅዋ ሰልሎ።

ሐኪሙ ክዳኑን መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። «ይዟል። ሌላ ሳምንት ብትቆዩ ግን ዛሬ የማወጣው ብሎኑን ነበር።»

ስንወጣ እዚያው ተራ ጠባቂዎች ፊት ቆማ፣ በሰደበችበት ድምፅ መጠን ጮክ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። ሱቅ ስንደርስ ትንሿን መቀስ በጥብጣብ አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

እኔም የመጨረሻዎቹን ቀሚሶች ይዤ መቀምቀም ጀመርኩ። አንዱን ጨርሼ፣ ቋጥሬ ቀና ስል እትዬ አፍጥጣ ታየኛለች።

«ምነው?»

«ትፋው» አለችኝ።

ጣቴን ወደ ምላሴ ሰደድኩ። ሰማያዊ፣ እርጥብ፣ የአንድ ጥፍር ያህል ክር። ሐኪሙ ሳህን ላይ የዘረጋው ትዝ ሲለኝ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወደ መታጠቢያው ስሮጥ ከኋላዬ የእትዬን ሳቅ ሰማሁ። ያንን የድሮውን። ዞር አልኩ። ጨርቁ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው፤ አላነሳችውም። ፎቶ አንሺው ከማዶ ብቅ ብሏል። አፏ እስከ ጉሮሮዋ ተከፍቶ ያ ያበጠ ድድ፣ ያ ብረት፣ ሁሉም ታየኝ። ቀፈፈኝ፤ ግን ፊቴን አላዞርኩም።