ማን አቃጠለው?

እንግሊዝኛ የተማርኩት ጣሊያን ገና ቡሬ ላይ ምሽጉን ይዞ ሳለ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ከሱዳን በኩል በግመል እየመጡ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰን የሰፈራችን የአርበኞች አለቃ፣ "ሲመጡ እንደ ዲዳ በእጅ ልናወራቸው ነው?" አለና ፊደል የቆጠርነውን መርጦ አስተርጓሚ እንድንሆን ለትምህርት አስቀመጠን። መምህራችን አዲስ አበባ ተምሮ ከዚያ አምልጦ የመጣ፣ እግሩን ጥይት ያነከሰው ሰው ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም ሰብስቦ በሳንቃ ላይ በከሰል እየጻፈ ያስተምረናል።

እኔ ቅኔ ቤት የዋልኩ ስለሆንኩ ራሴን ከጓደኞቼ በላይ አድርጌ አይ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ አክቲቭና ፓሲቭ የሚባል ነገር አመጣ። አክቲቭ ሠሪው ፊት ሲቆም ነው፤ ፓሲቭ የተሠራበት ፊት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ሠሪውን ከፈለጋችሁ ከኋላ ታስከትሉታላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ትተዉታላችሁ አለን። "ይቺንማ በግእዝ አድራጊና ተደራጊ እያልን ስንፈጫት ከርመናል፣ የኔታ" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ መናገር የዱሮ አመሌ ነው።

ከጎኔ የሚቀመጠው ጎረቤታችን ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ የእርሻ ድንበራችን አንድ ነው። በወረራው መጀመሪያ ጣሊያንና ባንዳ መንደራችንን ሲፈትሹ የሱ ቤት ተቃጥሎ፣ ታሞ የተኛው ታላቅ ወንድሙ ከውስጥ ቀርቷል። ክብሪቱን የጫረው አባቴ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ለጣሊያን መንገድ ይመራ ነበር። ኋላ ከድቷቸው፣ ጤናውን አጥቶ መጣና ከቤት ሳይወጣ ይውል ጀመር።

ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም "ያ ቤት የተቃጠለ ጊዜ" ይባላል እንጂ የአባቴ ስም አይነሳም። በኛ አገር ወንድሙ የተገደለበት ሰው የገዳዩ ስም በሰው ፊት ሲጠራ ሰምቶ ዝም ካለ ወንድ አይባልም፤ መግደል አለበት። ካልተጠራ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖር ይችላል። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ያን ጊዜ በየበረሃው ተበትነው ስለነበር ዕርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሼ ጠዋት ወደ እርሻ ሲያልፍ ከአጥሩ ማዶ፣ "እንደምን አደሩ አባባ?" ይላል። አባቴ ከጨለማው ቤት ውስጥ ሆኖ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ያቺን ሰላምታ በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

መምህሩ ከየሕይወታችሁ አንዳንድ ነገር ተናገሩ፣ በእንግሊዝኛ አደርገዋለሁ አለ። አንዱ "በሬዬ ታረደ" አለ፤ ሌላው "ገብሱ ታጨደ" አለ። ተራው ሲደርስ ጋሼ "ቤቴ ተቃጠለ" አለ።

መምህሩ ደስ ብሎት ጻፈው። "ይህ ፓሲቭ ነው። በል አሁን ወደ አክቲቭ አዙረው። ማን አቃጠለው?"

"ተቃጠለ እኮ ነው የምልዎ፣ የኔታ።"

"ገብቶኛል። ያቃጠለውስ?"

"እሳት ነዋ።"

ማንም አልሳቀም። መምህሩ የአገሩ ሰው አይደለም፤ የተቀለደበት መሰለው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ! ያለ ሠሪ የሚሠራ ነገር የለም። ጣሊያን ነው? ባንዳ ነው?"

"እንጃ፣ የኔታ። አላየሁም።"

"እንዲህ ያለ ድንጋይ ራስ ለእንግሊዝ ምን ሊያስተረጉም ነው? አንተ ከነገ ጀምሮ ባትመጣ ይሻላል።"

ጋሼ አንገቱን ደፋ። ትምህርቱ ከሁላችንም ቀድሞ የሚገባው ለሱ ነበር። የኔን አባት ሸፍኖ ድንጋይ ተባለ። ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። በእንግሊዝኛ ብናገር የሚሰማኝ መምህሩ ብቻ ነው፤ ጋሼም ከመባረር ይተርፋል ብዬ ተነሣሁ።

"ማይ ፋዘር በርንድ ሂዝ ሀውስ" አልኩ።

መምህሩ አጨበጨበ። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት መስሎታል። "ጎሽ! ሰማችሁት? 'አባቴ የሱን ቤት አቃጠለ' ነው ያለው። አክቲቭ ማለት ይኸው ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ጋሼ ከግድግዳው ሥር ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። ወደኛ ቤት የሚሄድ መስሎኝ እየሮጥኩ ተከተልኩት፤ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ማን ጠየቀህ?" አለኝ።

"ድንጋይ ሲልህ አላስችል ብሎኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ድንጋይ ቢለኝ ምኔ ጎደለ? እኔ ሳልሰማ ኖሬ ልጆቼን አሳድግ ነበር። አንተ ሰው ፊት አሰማኸኝ። አሁን እዚህ ካደርኩ አባትህን እገድላለሁ። ካልገደልኩ ደግሞ ልጆቼ አንገታቸውን ደፍተው ይኖራሉ።"

እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሣኝ፤ ማንሣቱ ባሰብኝ።

በማግስቱ በሬዎቹን ነድቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሚስቱ ዘመዶች፣ ፈረስ ቤት ወደሚባለው አገር ወጣ። አህያውን ስጭንለት አልከለከለኝም። ሊሄድ ሲል፣ "በኔ ሞት፣ ለአባትህ እንዳትነግር። ግጦሽ ፍለጋ ሄደ በለው" አለኝ። ታርሶ ዘር የሚጠብቀው ማሳው ጦም አደረ።

እንደታዘዝኩት ለአባቴ ነገርኩት። "ግጦሽ ፍለጋ?" አለ። "ቶሎ አይመለስም?"

"አይመለስም" አልኩት።

እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ወዲያው ቡሬ ተለቀቀች፤ እንግሊዞቹም መጡ፤ እኔም አስተርጓሚ ሆንኩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ለብሶ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ፤ አላፊ አግዳሚውን ጮክ ብሎ እንደምን አደራችሁ ይላል። እኔ ያን ሰላምታ እንዳልሰማ በጓሮ በኩል እየዞርኩ እወጣ ነበር።