ዛሬ የሎሚዋን ሥር ቆረጥኩ

ዛሬ ጠዋት ሎሚዋን ከበርሜሏ አውጥቼ ሥሯን በመጋዝ ስቆርጥ ባለቤቴ አየችኝ። ገብታ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች።

ሎሚዋ ባለቤቴ ከአባቷ ተዝካር ስትመለስ ከዳንግላ ጓሯቸው ያመጣቻት ናት። የምንኖርበት የቆሰበር ውርጭ መሬት ላይ ስለማያኖራት፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደው በርሜል ግማሽ ተክለን፣ ሲበርድ ወደ ቤት እናስገባታለን።

ዘንድሮ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሥሯ በርሜሉን ዞሮ ዞሮ ራሷኑ አንቋታል።

ማንም አላስተማረኝም፤ ሦስት ሎሚ ገድዬ ነው የተማርኩት። የዳር ዳሩን ሥር ቆረጥኩ፣ ቅርንጫፏንም ቀነስኩላት፣ በአዲስ አፈርና ፍግ መልሼ ተከልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥሩን ተቆርጦ የኖረ የት አየህ?»

«አንቺ አለሽ። ከዳንግላ ተነቅለሽ ይኸው አርባ ዓመትሽ።»

«እኔን በመጋዝ አልነካኸኝማ!»

ወገቤ አልቃና ብሎኛል። ነጠላዋ አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው።

ከእናንተ መካከል የሎሚ ሥር ቆርጦ ያዳነ ካለ፣ በስንት ቀኑ እንዳቆጠቆጠለት ይጻፍልኝ። ለእኔ አይደለም፤ እኔ አውቃለሁ። ለእሷ ላነብላት ነው።