የጉብታዋ ንስሐ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚኒባስ ስሄድ ያቺ ጉብታ ብቅ ስትል ከተሳፋሪው አንዱ «ተፈጥሮ እንዴት ያምራል» ማለቱ አይቀርም። ሆዴ ይቃጠላል። ራቁቷን ያስቀረናትም፣ መልሰን ያለበስናትም እኛው የመንደሯ ሰዎች ነን።

ልጅ ሳለሁ ከብት የማይወጣባት፣ ምሳር የማያርፍባት ቀን አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሯ እየወረደ ማሳችንን ይሞላዋል፤ ከሥሯ የምንቀዳው ምንጭም በጋ ላይ እየነጠፈ እኛን ሴቶቹን ሩቅ ወንዝ ያስኬደን ነበር። አባቴን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ምንጭ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ለምኖ እርከን አሠራ፣ ችግኝ አስተከለ፣ ዘበኛ አስቀጠረ። ዘበኛው ግን የሁሉም ዘመድ ነው፤ የአክስቱን ላም በምን አንጀቱ ያባርር? ችግኙ በዓመቱ ተበላ።

ያኔ አባቴ የነፍስ አባታችን የሆኑትን ቄስ ቦታውን እንዲገዝቱለት ለመናቸው። እሳቸውም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ከብት ያስገባ፣ እንጨት የቆረጠ ውጉዝ ይሁን አሉ። ሊያበቁ ሲሉ አባቴ ከኋላ ሆኖ እግር የሚባል እንዳይገባ ብለው ይጨምሩልን አላቸው። ጨመሩለት። ያገሬ ሰው ዳኛ ይደፍር ይሆናል እንጂ ግዝት አይደፍርም። ጉብታዋ ጸጥ አለች፤ ሣሯም ከጉልበት አለፈ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቀትር ጎርፉ የላይኛውን እርከን ጣሰው። መንደሩ አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ፤ የተገዘተው ቦታ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። እግር አይግባ ተብሏላ። ግዝቱን ከገዘቱት ከእሳቸው በቀር የሚፈታው የለም፤ እሳቸው ደግሞ ለዘመድ ለቅሶ ጢስ ዓባይ ሄደዋል። ያ ሁሉ ሰው በዝናብ ተሰልፎ ልፋቱ ሲታጠብ ያያል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን እናቴ ታለቅስ ነበር።

አባቴ ጋቢውን አውልቆ ለእናቴ ሰጣትና ገባ። ብቻውን ድንጋይ ሲክብ አመሸ፤ እርከኑም ቆመ። ከዚያ ቄሱ እስኪመለሱ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ቤትም ውጉዝ ነኝ ብሎ ከኛ ጋር በአንድ መሶብ አልቀረበም። ጥግ ይዞ ብቻውን ሲበላ ያየሁት እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

ቄሱ መጥተው ፈቱት። ለጥገናና ለሣር አጨዳ መግባትንም ለሁሉም ፈቀዱ። ለአባቴ ግን ጉብታዋን እየዞረ እንዲጠብቅ፣ የፈረሰውን እንዲጠግን ንስሐ ሰጡት። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀ። ዋንዛውና ብሳናው አደገ፤ ምንጩ በጋውን መዝለቅ ጀመረ፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። እሱ ከዶማው አልተለየም።

አንድ ሰኔ ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰ በከዘራ ሲወጣ ቄሱ አዩትና አዘኑለት። አጠገባቸው ነበርሁ። ንስሐህን ጨርሰሃል፣ ከእንግዲህ ቤትህ ዕረፍ አሉት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።

«ምነው አባ፣» አላቸው፣ «ምን አጠፋሁ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት።

«በል እንግዲህ፣ ይህችን ክረምት ጨምሬልሃለሁ።»

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ያችን ክረምት ሳይጨርሳት አረፈ። መስከረም እስኪጠባ የቀረችውን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተመላለስሁ እኔ ጨረስሁለት።