ከመስመሩ የተቀዳች ጥቂት ብርሃን

ታላቅ ወንድሜ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ባለው ኮሌጅ ወርክሾፕ ይሠራ ነበር። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ቀጫጭን የብርጭቆ ዘንጎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ጣና ዳር ወሰደኝ። መካከላቸውን በእሳት አለስልሶ፣ እስኪቀጥኑ ስቦ አጣብቋቸዋል።

የቀኑ ብርሃን እንዳያስቸግረን ጋቢውን በሁለታችን ራስ ላይ ጣለው። በታንኳ የሚያልፍ ሰው አይቶን፣

«ጉንፋን ነው? ያለ እሳት ነው እንዴ የምትታጠኑት?» አለ።

«ብርሃን ነው የምንታጠነው!» አለው ወንድሜ።

የእጅ ባትሪውን በአንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ አበራ። በወዲያ በኩል ሁለቱም ጫፎች አበሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ እጥፍ ሆነ!» አልሁ። ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ አይቀንስም፤ እሱ መስሎኝ ነው።

«አይ፣ ይህ እንደ ጧፍ አይደለም። ያው አንዱ ነው የተካፈለው። ለአንዱ የደረሰው ከሌላው ይጎድላል።»

በውጭ አገር ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር፣ በብርሃን፣ ስልክ እንደሚያስተላልፉ በመጽሔት አንብቦ ነበር። ሁለት ክሮች ተጣብቀው በቀጠኑበት ቦታ ብርሃኑ ወደ ጎረቤቱ ክር ይሻገራል። ምን ያህል እንደሚሻገር ክሮቹ በተሳቡበት ልክ ይወሰናል። እኩል ከተከፈለ አንዱ መስመር ሁለት ቦታ ይደርሳል።

«ጥቂት ብቻ ከተሻገረችስ?» አልሁት።

«ጥቂቷ ለመስመሩ ጠባቂ ናት። እሷን እያየ፣ ዋናው መስመር ደህና መሆኑን ሳይቆርጠው ያውቃል።»

በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሲሰናበተኝ፣ «በእማዬ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላንተ አደርጋለሁ። እሷን ካየህ መስመሩ ደህና ነው» አለኝ።

ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ሦስት ቁራጭ። እናታችን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ብትለይም የእጅ ጽሑፍ አይገባትም ነበርና አንባቢው እኔ ነኝ። አራተኛውን ስከፍት ቁራጭ የለችም። «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ጽሑፉ የእሱን ይመስላል... ግን አይደለም። ጓደኛው ይሆናል የጻፈው፣ ለእናት አዝኖ። አነበብሁላት። ድምፄ እንዳይሰበር ቶሎ ቶሎ።

«ያንተዋስ ቁራጭ?» አለችኝ።

«ኪሴ ውስጥ ናት፣ እማዬ።»

አሳየኝ አላለችም።

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌዎች በማለዳ መርዶውን ይዘው መጡ። ለቅሶው ጋብ ሲል እናታችን እጄን ያዘችኝ።

«ያቺ ቁራጭ አልመጣችም ነበር፣ አይደል?»

«አልመጣችም።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። እንኳን አልነገርኸኝ። እነዚያን ሳምንታት እንደ ደህና ሰው እህል ቀመስሁባቸው።»

ያን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ስለ ቁራጯ አያውቅም ነበር። ባለማወቁም አመሰግነዋለሁ፤ ቢያውቅ ኖሮ እሷንም ይጽፍልኝ ነበር። ወንድሜንም አመሰግነዋለሁ፤ ቀድሜ የማወቅን ሸክም ለእኔ ለይቶ በማስቀመጡ። ለእናታችን የሚከብደውን ተካፍዬላታለሁ።