ባሕር ያለባቸው ቃላት

ባሌ ባሕረኛ ነበር፤ እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ምጽዋ ከአስመራ ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ ናት። “ሙቀቷ ይገድልሻል” እያለ ሳይወስደኝ ዓመታት አለፉ። ንጉሡ ባሕር ኃይላቸውን ያሠለጠኑት በኖርዌይ መኮንኖች ስለነበር እሱም ለትምህርት ኖርዌይ ደርሶ፣ ቋንቋቸውን ይዞ ተመልሷል። እሑድ እሑድ ጓደኞቹ አስመራ ዓኽርያ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመጡ በዚያው ቋንቋ እያወሩ ይስቃሉ። እኔ ቢራ እከፍታለሁ፣ ሰሃን አነሣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ ቤቴ እኔን ይሙኝ ሌላ ይሙ አላውቅም። ሲሄዱ ምን እንዳሳቃቸው ስጠይቀው፣ “የባሕር ነገር ነው፤ ቢተረጎምልሽም አይገባሽም” ይለኛል። ያናድደኝ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ብቸኝነቱ ይብስብኝ ነበር።

ፎርቶ ከሚባለው የከተማው ምሽግ አጠገብ አንዲት የኖርዌይ መኮንን ሚስት ትኖር ነበር። ባሏ ከባሌ ጋር በአንድ መርከብ ላይ ስለሚሠራ እሷም እንደኔ ቤት ጠባቂ ናት። አገሯ ሳለች ሕፃናት ማንበብ ታስተምር ነበር። ለገበያ የሚሆናት አማርኛ ፈልጋ እኔን አስጠራች። አማርኛ ለእኔም የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ትግርኛው ከሰሌዳ ወርዶ በአማርኛ ሲተካ በትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። ከእሷ ጋር የምንግባባው በተሰባበረ ጣልያንኛ ነበር። ደመወዝ ልትቆርጥልኝ ስትል እንቢ አልኳት።

“ቋንቋሽን አስተምሪኝ፣ ሲኞራ። ሁሉንም አይደለም፤ ባሕር ያለበትን ብቻ።”

ምን ቆርጦኝ ባሌ በሚስቅበት ነገር ደንቆሮ ሆኜ እቀራለሁ?

ትምህርቷ በሻሂ ማንኪያ ነበር። አፍ አንዴ በተከፈተ ቁጥር፣ ለአንድ ቀለም አንድ ምት፣ ጠረጴዛውን ትመታለች። ሼ ባሕር፣ ማን ሰው፤ ሼማን፣ ባሕረኛ። ሼሲክ፣ ባሕር ያመመው። ቃሉን ከቃሉ ጋር ያለ ክፍተት ይገጥሙታል። የፊተኛው ገላጭ ነው፣ ነገሩ ራሱ የኋለኛው ነው አለችኝ። እኛ በትግርኛ ገምገም ባሕሪ ስንል ዳርቻው ይቀድማል፣ ባሕሩ ይከተላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ገልብጬ እገጥመው ነበር። ለባሕር ሃቭ የሚል ሌላ ቃልም አላቸው፤ ሃቭስትሬም፣ ባሕር ውስጥ የሚሄደው ውሃ፣ ለእሷ ሁለት ምት ነው። ፊደል እየቆጠርኩ ያደግሁት እኔ ግን ሃ፣ ቭ፣ ስ፣ ት እያልኩ ለያንዳንዱ ፊደል ማንኪያ ሳሳርፍ በሳቅ ትፈርሳለች። እሷም የባሕርን “ሕ” ለማውጣት ጉሮሮዋን ስትጠራርግ እኔ በተራዬ እስቃለሁ። በዚያ ከተማ ከእኔ ሌላ የሚያስቃት ሰው አልነበራትም።

ከሁሉ የወደድኩት ሼማንስኩነ የሚለውን ነው። ኩነ ሚስት ነው፤ በመካከል ያለችው “ስ” ስፌቷ ናት። የባሕረኛ ሚስት። በአውቶቡስ ወደ ዓኽርያ ስመለስ ጉልበቴን በጣቴ እየመታሁ እለማመደው ነበር። ለባሌ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ እሑድ እንግዶቹ መጡ። በእኛ ዘንድ ባለቤቷ እንግዳን “ብልዑ ደኣ”፣ ብሉ እንጂ፣ እያለች ካልለመነች እንደ ንፍገት ይቆጠራል። እኔም ትሪውን ይዤ ልለምናቸው ቆምኩና በእጄ ባለው ቃል ለመንኳቸው። እያንዳንዳቸውን እያየሁ “ሼማን፣ ብልዑ ደኣ!” አልኩ፤ በመጨረሻ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ “ሼማንስኩነ” አልኩ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። አንዱ “ብራቫ!” ብሎ ተነሣ። ባሌ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“መን መሃረኪ?” አለኝ፣ ማን አስተማረሽ ማለቱ ነው።

“ሲኞራ።”

“ለምን?”

“ከአንተ ጋር ልስቅ።”

“እሺ” አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰሃኖቹን ደርድሬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ባሌ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ከተማ መሀል ባር ውስጥ መገናኘት እንደጀመሩ በኋላ ሰማሁ። ሌላ ሴት ትኖረዋለች ብዬ ነበር፤ አልነበረችውም። እኔን የሚደብቁኝ ወሬም አልነበራቸውም። ያ ቋንቋ እኔ የሌለሁበት ክፍሉ ነበር። እኔ ስገባ እሱ ወጣ።

ለሲኞራ ነገርኳት። በማግስቱ በጠዋት በማኪናዋ ይዛኝ የምጽዋ መንገድ ቁልቁል ወደሚጀምርበት ሄደች። ከታች ሸለቆው ሁሉ በጉም ተሞልቶ፣ የተራሮቹ ጫፎች ብቻ ይታዩ ነበር።

“ቶከሃቭ” አለች፣ በመዳፌ ላይ እየመታች። ቶከ ጉም ነው። ሃቭ ባሕር።

“እንግዲያው ባሕር ነው” አልኩ። “ነገሩ የኋለኛው ነው ብለሽኛል።”

“እወ” አለችኝ እያለቀሰች፣ በትግርኛ አዎ ማለቷ ነው። ባሏ ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ጠዋት ብቻዬን በአውቶቡስ እዚያው ሄድኩ። ጉሙ ነበር። ዳር ላይ ቆሜ ሼማንስኩነ አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ በአራት ምት፣ አንዱንም ሳልስት። የሚያርመኝም የሚያጨበጭብልኝም አልነበረም።