የሰላሳ ማይል ዋስ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ውስጥ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ወጣት ሞፔድ በሚሏት አሮጌ ትንሽ ሞተር መጥቶ ከጎኔ ቆመና ያ ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ጭስ በመስኮቴ ገባ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጡሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ኦክላንድ፣ ከአፓርታማችን ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እህቴ ሰብለ ሞተሯን ስትወለውል እያየሁ ነበር።

ሞተሯ አልኩ እንጂ ገና የእሷ አልሆነም ነበር። ሰብለ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ኮሌጅ ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ኤመሪቪል አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው አውቶቡስ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል ሲያሻው ይቀራል። ሥራ እያረፈደች አለቃዋ ስላስጠነቀቃት፣ ወይ ትምህርቱን ወይ ሥራውን ልትተው ደርሳ ነበር። ጎረቤታችን ያችን ፔዳል ያላት ትንሽ ሞተር በርካሽ ሊሸጥላት ተስማማ፤ የቀረው አባባ ብቻ ነው። አባባ ታክሲ ነጂ ነበር፣ ፍሪዌይ ላይ የወደቀ ሞተረኛ ባየ ቀን እራት አይበላም፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አላት።

ሰብለ አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ላከች።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዎች ክት ልብሳቸውን ለብሰው በራችንን አንኳኩ። ጋሽ ተፈራ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ የጡረታ መሐንዲስ ናቸው፤ እትዬ አስካለ የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ ምላሳቸውም እንደ ሚጥሚጣቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው፤ የሦስተኛው ሽማግሌ ስም ጠፍቶኛል፣ ይዘውት የመጡት ኬክ ግን አልጠፋኝም። ተቀመጡ ቢባሉ «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ይህን ቃል የሰማ የሴት ልጅ አባት ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው፤ አባባ ፊቱ አመድ መሰለ፣ «ልጄ እኮ ገና ተማሪ ናት» አለ። ጋሽ ተፈራ የመጡት ለሞተር መሆኑን ሲነግሩት ከእፎይታው ብዛት ሳቀ። ሰብለ ክርክሩን ግማሽ በግማሽ ያሸነፈችው በዚያች ሳቅ ነው እላለሁ፤ አንዴ የሳቀ ሰው ተመልሶ መቆጣት ይከብደዋል።

ጋሽ ተፈራ የመንጃ ፈቃዱን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብበው ነበር የመጡት። ለእንዲህ ያለች ሞተር ለብቻው የተለየ ትንሽ ፈቃድ አለ፣ ነገር ግን ጉልበቷ ከአራት የፈረስ ጉልበት ማነስ አለበት፣ ፍጥነቷም ሜዳ ላይ በሰዓት ከሰላሳ ማይል መብለጥ የለበትም። ችግሩ የጎረቤታችን ልጅ ፍጥነቷን የሚገድበውን ማፈኛ አውጥቶ ጥሎ እንደ ልቧ እንድትበር ማድረጉ ነበር።

«ዳዲ፣ አይ ፕሮሚስ፣ ከሰላሳ አላልፍም» አለች ሰብለ።

«አንቺስ ቃልሽን ትጠብቂ ይሆናል፣ ሞተር ግን ቃል የለውም» አላት አባባ፤ ወደ ሽማግሌዎቹም ዞሮ «ለሞተሩ ዋሱ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኛ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ለሰው ዋስ እንደሚሆን ሰው ኮታቸውን አስተካክለው። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የተቀመጡት።

በማግስቱ ጋሽ ተፈራ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ አፍ ላይ ቀዳዳዋ የጠበበች ሮንዴላ፣ መሃሏ የተበሳ ክብ ብረት፣ ገጠሙ፤ ጭሱ እንደ ልቡ ካልወጣ ሞተሩ እንደ ልቡ አይሮጥም። የሚቀጥለው እሁድ በአየር ማረፊያው አቅራቢያ ባለው ሜዳ መንገድ ፈተናው ሆነ። ሰብለ ከፊት ትነዳለች፣ እኛ በአባባ ታክሲ እንከተላታለን፣ አባባ ዓይኑን ከፍጥነት መቁጠሪያው አልነቀለም። ሰላሳ ሦስት። ጡሩምባውን ነፍቶ አስቆማት። ሰብለ የራስ ቁሯን ስታወልቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

ጋሽ ተፈራ ቧንቧው እስኪበርድ መንገድ ዳር ተቀመጡ፣ ከዚያ ከኪሳቸው የባሰ የጠበበች ሮንዴላ አወጡና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸው፣ አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። «ጋሼ፣ ተዉት፣ ይነሱ» አላቸው አባባ። «ዋስ እኮ ነኝ» አሉት ቀና ሳይሉ። አባባ ጃኬቱን አውልቆ ከጉልበታቸው ሥር አነጠፈላቸው፣ ራሱም አጠገባቸው ተንበርክኮ ቧንቧውን ያዘላቸው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ለሌላ ሰው ልጅ ብሎ፣ እንዲህ ያለ አባትም አጠገቡ ሲንበረከክ ማየቴን እስከ ዛሬ እንደ ሀብት እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ዙር ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ሰኞ ሰብለ ኮሌጅ ሄደች፣ አባባ የአደጋ መብራቱን እያበራ ከኋላዋ እየተከተለ፣ በከተማው ግማሽ እየተሰደበ።

ሰብለ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ ሚልፒታስ መሐንዲስ ናት። ጋሽ ተፈራም አባባም የሉም። ልጆቻችን የሚፈልጉትን በቴክስት ይልኩልናል፣ እኛም «ኖ» ወይ «ኦኬ» ብለን እንመልሳለን፤ ክት ልብሱን ለብሶ በር የሚያንኳኳ የለም። እኔም እነሆ በእትዬ አስካለ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፣ እስካሁን ግን «አባቴ ጋ ሽማግሌ ሁኚልኝ» ብሎ የመጣ ልጅ የለም፣ ይህም ይቆጨኛል። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን፣ የማንን ልጅ ብዬ አስፋልት ላይ እንደምንበረከክ ሳስብ፣ ከራሴ ልጆች ሌላ አንድም ስም የማይመጣልኝ መሆኑ ነው።