በአረፋ ዕለት የጣልኳቸው ጥሪዎች

መካነ ሰላም የቴሌ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ ይማም ከኔትወርክ ማማው ሥር ካለችው ሰርቨር ፊት አቆሙኝና «ይቺን ማሽን የማይፈራ ሰው እኔ ጋ አይሠራም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስልክ የሚወጣውም የሚገባውም ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ይጓዛል። ድሮ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር የሚመረመረው። አሁን እዚሁ፣ ከርነል በሚባለው የሰርቨሯ ሲስተም እምብርት ውስጥ የምንጭናት ትንሽ ፕሮግራም በር ላይ ቆማ ታሳልፋለች ወይም ትጥላለች። ፍጥነቷ ለጉድ ነው። የጣለችውን ግን መዝግቢ ካላሏት አትመዘግብም።

የአረፋ ዕለት ጠዋት ብቻዬን ተረኛ ነበርኩ። ከውጭ አገር ትንንሽ፣ አንድ ዓይነት ፓኬቶች እንደ ጎርፍ ገቡ። ሰርቨሯን ለማጨናነቅ ሆን ተብሎ የተላከ ጥቃት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሰርቨሯ ከወደቀች እስከ ወግዲ ድረስ ኔትወርክ ሊጠፋ ነው። «እንዲህ ያለውን ሁሉ ጣይ» የሚል ትእዛዝ ጫንኩ። ወዲያው ረጭ አለ። እኔ የቄስ ልጅ፣ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ የወሎ ሰው አይደለሁ?

ትንሽ ቆይቶ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«እስቲ እያት ልጄ። ሴቷ ልጄ መርየም ሪያድ ናት። አሠሪዋ ስልክ የምትሰጣት በዓል በዓል ነው፣ ለአንድ ሰዓት። በኢንተርኔት ነበር የምትደውለው፤ ዛሬ ዝም አለችኝ።»

ክው አልኩ። ጎርፉ ጥቃት አልነበረም። ከዓረብ አገር ለቤተሰቦቻቸው የሚደውሉ ልጆች ድምፅ ነበር፤ የኢንተርኔት ጥሪም እንዲሁ ትንንሽ፣ አንድ ዓይነት ፓኬት ነው። ሰው ከሶላት ሲመለስ በዓይኔ አይቼ እንኳ፣ ፍርሃቱ በዓሉን አስረሳኝ።

ትእዛዙን አነሳሁና አብረን ጠበቅን። ስልኩ አልጠራም። ሰዓቷ አልፏል።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው፤ የሆነውንም ነገርኳቸው።

ስልካቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ። ለእኔስ ነገርከኝ። ለእሷ ማን ይነግራታል? እናቴ በበዓል ቀን ስልኬን አላነሳችም ብላ ነው ዛሬ የምትተኛው።»

መርየም የደወለችው በረመዳን ፍቺ ነው፣ አሥር ወር ሊሞላ ሲል። እስከዚያ በሕይወት መኖሯን አናውቅም ነበር። በእትዬ ደጅ ማለፍ ፈርቼ በጓሮ እዞር ነበር።

አዲስ ለገባችሁ ሠራተኞች የምላችሁ ይህን ነው። የሚጥል ትእዛዝ ስትጽፉ መጀመሪያ ይቁጠርና ይመዝግብ እንጂ አይጣል። ሊጥል የነበረው የማን እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ እንዲጥል ፍቀዱለት።